ዕቃው መርከብ ላይ ሳይወጣ፦ አስመጪና ላኪ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አስመጪዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከቻይና አዲስ አበባ ድረስ አንድ ኮንቴይነር ስንት ይፈጃል?» የመርከቡ ኪራይ ብቻ ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ወደቡ የሌላ አገር ነው። ዶላሩን የሚሰጥዎ ባንክ ነው። መንገዱ ላይ የሁለት መንግሥታት ሕግ ይሠራል። በየደረጃው አንድ ፖሊሲ አለ፤ እያንዳንዱም ወይ ብር ወይ ቀን ይወስዳል። ቀኑም ዞሮ ዞሮ ብር ነው። ሲከስሩ ያየኋቸው ነጋዴዎች አብዛኞቹ ዕቃ መምረጥ የማያውቁ አይደሉም። ፖሊሲውን ከዋጋው ጋር አብረው ያላሰሉ ናቸው።

ቀረጥን በፋብሪካው ዋጋ ላይ ብቻ ማስላት

አቅራቢው የ50 ሺህ ዶላር ፕሮፎርማ ይልካል። ነጋዴው ቀረጡ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ «20 በመቶ» ይሉታል። «እንግዲያው 10 ሺህ ዶላር ልጨምር» ብሎ ይነሳል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተዘለዋል።

አንደኛ፣ ጉምሩክ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። ኢንሹራንሱና እስከ አገር መግቢያ ያለው ማጓጓዣም ይደመራል። ሁለተኛ፣ ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ። በቁጥር እንየው። ኤክሳይዝ የሌለበት፣ ቀረጡ 20 በመቶ የሆነ ዕቃ ነው እንበል። ከነኢንሹራንሱና ከነማጓጓዣው 1 ሚሊዮን ብር ወጣ። ቀረጡ 200 ሺህ ብር ነው። 15 በመቶው ቫት የሚሰላው በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ላይ ነው፤ 180 ሺህ ይሆናል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ቫቱም ተጨምሮ በ1 ሚሊዮን 380 ሺህ ላይ ይሰላል፤ 138 ሺህ። እ.ኤ.አ. በ2022 በገቢ ዕቃ ላይ የተጣለው 3 በመቶ የማኅበራዊ ቀረጥ 30 ሺህ ነው። 3 በመቶው ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዝ የገቢ ግብር) ሌላ 30 ሺህ። ድምሩ 578 ሺህ ብር!

«20 በመቶ» የተባለው ወደ 58 በመቶ ተጠጋ ማለት ነው። ቫቱና ዊዝሆልዲንጉ በኋላ የሚካካሱ ቢሆኑም፣ ዕቃው እንዲለቀቅ ገንዘቡ አሁን መከፈል አለበት። ብዙ ሰው እጅ የሚያጥረውም እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ስሌት ሌላም ነገር ያሳያል። የመርከብ ኪራዩ በ100 ሺህ ብር ቢጨምር፣ ታክሱ አብሮ በ57 ሺህ 800 ብር ይጨምራል። ቀይ ባሕር ላይ የሚተኮስ ሚሳኤል መርካቶ ድረስ ዋጋ የሚንጠው በዚህ መንገድ ነው። መንግሥት የቀረጥ ታሪፉን ሳይነካ፣ ሸማቹ የሚከፍለው ታክስ ይጨምራል።

በዛሬ ምንዛሬ የሦስት ወር በኋላውን ማስላት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ። እ.ኤ.አ. 2024 ሲያልቅ ከ120 በላይ ነበር። ቀረጥ ደግሞ የሚከፈለው በብር ነው። የሚሰላውም ዕቃው በታዘዘበት ሳይሆን ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚሰጠው የዕቃ ማሳወቂያ) በሚቀርብበት ጊዜ ባለው ምንዛሬ ነው። በሰኔ ያዘዘውን ዕቃ በመስከረም ሊያወጣ የሄደ ሰው፣ የቀረጡ መጠን በመቶኛ ባይለወጥም የሚጠየቀው ብር በእጅጉ አድጎ ጠበቀው።

ያው ማሻሻያ በሌላ በኩል በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፤ ክልከላው በዚያ ጊዜ ተነሳ። አንዱን አስመጪ ያስጨነቀ ውሳኔ ለሌላው ሥራ ከፈተ። ስለዚህ በጀት ሲይዙ ለምንዛሬ ለውጥ የተለየ መጠባበቂያ ያስቀምጡ። ወረቀቶችዎ ላይ ያሉትን ቀኖችም በጥንቃቄ ይያዙ። አዲስ መመሪያ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ክርክሩ «ኤልሲው (የባንክ የክፍያ ዋስትናው) መቼ ተከፈተ? ዕቃው መቼ ተጫነ?» የሚል ነው። ያኔ የሚያድንዎ ባንክ የሰጠዎ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ነው።

«የእኔ ዕቃ ከቻይና ስለሚመጣ ቀይ ባሕር አይመለከተኝም» ማለት

ካርታ ላይ ካዩት እውነት ይመስላል። ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው ያለችው። ከእስያ የሚመጣ መርከብ ጅቡቲ ለመድረስ ጠባቡን መተላለፊያ ማቋረጥ አያስፈልገውም።

ሆኖም ትልልቆቹ መርከቦች በዚያ የሚያልፉት ለጅቡቲ ብለው አልነበረም። መንገዳቸው በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ አውሮፓ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ታላላቅ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከእስያ ሰሜን አውሮፓ ያለው ጉዞ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ረዘመ። መርከብ ባሕር ላይ ብዙ ሲቆይ፣ ለሌላው ጭነት የሚተርፍ መርከብም ኮንቴይነርም ያንሳል። ያኔ ኪራይ በሁሉም መስመር ይወደዳል። ወደ እኛ የሚመጣው ኮንቴይነር ደግሞ እንደ ጀበል ዓሊ ወይም ሰላላ ያለ ወደብ ላይ ወርዶ፣ አነስተኛ መርከብ እስኪያነሳው ተራ ይጠብቃል። ላዩ ላይ የጦርነት ኢንሹራንስ ይጨመራል። ኢንሹራንሱ ደግሞ ከላይ እንዳየነው ቀረጥ ይከፈልበታል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ግብፅን ማየት ይበቃል። የስዊዝ ቦይ ገቢዋ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። አንድ አገር ከሚተማመንበት የዶላር ምንጭ ከግማሽ በላዩን በአንድ ዓመት አጣ።

ስለዚህ ዕቃ ሲያስጭኑ «መቼ ይነሳል?» ብቻ ብለው አይተዉት። ቀጥታ ነው ወይስ ሌላ ወደብ ላይ ይወርዳል? የት? እዚያስ ስንት ቀን ይቆያል? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ወረቀትን ከዕቃው በኋላ ማየት

ኮንቴይነሩ የእርስዎ አይደለም፤ የመርከብ ድርጅቱ ነው። በነጻ የሚይዙት ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩን ያቆዩበት ክፍያ) በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥርም የቀኑ ሂሳብ እየወፈረ ይሄዳል። የሚያስቆጥረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ችግር አይደለም።

አንድ የወፍጮ መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው ያጋጠመው ይህ ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) 412 ካርቶን ይላል። ፓኪንግ ሊስቱ (የአቅራቢው የዕቃ ዝርዝር) 421 ይላል። ሁለት አኃዝ ተገለባበጠ፣ በቃ። ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ሲያየው ዲክላራሲዮኑን ማስገባት አልቻለም። አቅራቢው እንዲያርም ተጻፈለት። ፋብሪካው ለቻይና አዲስ ዓመት ተዘግቷል፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሲከፈት የታረመው ሰነድ በመርከብ ድርጅቱ፣ ቀጥሎም በባንኩ በኩል ዞሮ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደቡ ውስጥ ቆሟል። ቀኑ እየተቆጠረ ነው። ሰውየው በመጨረሻ ዕቃውን ሲያወጣ ትርፉ አልቆ ነበር።

ይህን መከላከል ቀላል ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ ያስልኩ። ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና የባንክ ፈቃዱን ጎን ለጎን አድርገው የድርጅትዎን ስም ፊደል፣ ክብደቱን፣ የካርቶኑን ብዛት፣ የዕቃውን ስም አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ለትራንዚተሩም ያኔውኑ ይላኩለት፤ ዕቃው ሞጆ እስኪደርስ አይጠብቁ።

የማጓጓዣ ስልቱን ምርጫም እንደ ተራ ነገር አይዩት። በመልቲሞዳል ከመጣ፣ በአንድ ሰነድ እንደ ሞጆ ወዳለ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ እስከዚያ ኃላፊነቱ የአጓጓዡ ነው። በዩኒሞዳል ከሆነ ጅቡቲ ላይ ወረቀቱን የሚያስጨርሰውም መኪና የሚፈልገውም የእርስዎ ሰው ነው። መልቲሞዳል ለረጅም ጊዜ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ተይዞ ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት ለግል ድርጅቶችም ፈቃድ መሰጠት ተጀምሯል። ይህ መልካም ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋና ቀን አወዳድሮ መምረጥ ለአስመጪው መብት መሆን አለበት።

የታሪፍ ቁጥሩን ሳያውቁ ማዘዝ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። አንድ ዕቃ የትኛው የታሪፍ ቁጥር ውስጥ እንደሚወድቅ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። በተለይ ተገጣጥሞ የሚመጣና ተበትኖ የሚመጣ ዕቃ አንድ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪና ያወጣው ታሪፍ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ዜሮ። ዓላማው መገጣጠሚያ ፋብሪካ እዚሁ እንዲከፈት ነው። ያው ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እስከመከልከል ሄዷል። የፖሊሲው አቅጣጫ ወዴት እንደሆነ ቀድሞ ላየ ሰው ክልከላው ድንገተኛ አልነበረም።

ስምምነት ስላለ ቀረጥ የለም ብሎ መገመት

«ኬንያ ኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ውስጥ ናት፤ እኛም ነን፤ ስለዚህ ነጻ ነው።» ይህን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ብትሆንም በነጻ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ሳትገባ ቆይታለች። የምትሰጠው ቅናሽ ከታሪፉ ላይ 10 በመቶ ነው። 20 በመቶ የነበረው ቀረጥ 18 ይሆናል እንጂ 10 አይሆንም፤ ዜሮማ ጭራሽ። ያንንም ለማግኘት የስሪት አገር የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ዱባይ የተገዛ፣ ናይሮቢ ላይ ካርቶን የተቀየረለት ዕቃ የኬንያ ምርት አይባልም።

በአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና በኩልም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ንግድ ጀምራለች። እዚያም ቅነሳው ደረጃ በደረጃ ነው፤ የስሪት አገር ማስረጃም ይጠየቃል።

ላኪው የገዢውን አገር ሕግ እንደ ሩቅ ወሬ መስማት

የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አስታውሱ። እዚያ የሚሰፉ ልብሶች አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገቡ ነበር። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዕድሉ ታገደች። በዋሽንግተን የተፈረመ ውሳኔ ሐዋሳ ላይ ስፌት መኪና አቆመ። ያ ሁሉ ወጣት ሴት ሠራተኛ ያጣችውን ደመወዝ ማንም በንግድ ስምምነት ድርድር ላይ ቆጥሮ አያቀርበውም፤ መቅረብ ግን ነበረበት።

አሁን ተራው የቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል። እያንዳንዱ ጭነት ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። ሕጉ የሚጀመርበት ቀን ተገፍቷል፤ አልተሰረዘም። ጀርመን ከዋና ዋና ገዢዎቻችን አንዷ ናት። ግማሽ ሄክታር ያለው የጅማ ወይም የይርጋጨፌ ገበሬ ይህን በራሱ አይሠራውም። ላኪው የገበሬውን ማሳ ዛሬ መመዝገብ ካልጀመረ፣ ቡናው ጥራት ኖሮት ገበያ ያጣል።

«ወደብ ብናገኝ ሁሉም ያልቃል» ብሎ ማሰብ

የወደብ አማራጭ ይጠቅማል። እስከ 1990 ዓ.ም. አሰብን እንጠቀም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በአንድ በር ላይ መንጠልጠል ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይተናል። በርበራም አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍታለች። አማራጭ ሲኖር የመደራደር አቅም ይኖራል።

ነገር ግን የዋጋው ትልቅ ቁራጭ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የምናስገባው ዕቃ ከምናስወጣው በእጅጉ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ ኮንቴይነር ከሞጆ ጅቡቲ ባዶውን ይመለሳል። ብዙ መኪናም እንዲሁ። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባዶ ጉዞ ነው፤ የደርሶ መልሱን ሂሳብ የሚከፍለው አስመጪው ነው። ወደቡ ቢቀየር ይህ አይቀየርም። ለዚህ ነው ወጪ ንግድን የሚደግፍ ፖሊሲ የአስመጪውም ጉዳይ ነው የምለው።

ለዚህ ከሁለቱም ወገን ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ዕቃዎን ሲያራግፉ ባዶውን ኮንቴይነር ሰሊጥ፣ ቦሎቄ ወይም ቡና ለሚልክ ሰው ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ የመርከብ ድርጅቱን ወኪል ቀድመው ይጠይቁ። ፈቃዱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ኮንቴይነሩም ለምግብ እህል የሚሆን ንጹሕና ያልተቀደደ መሆን አለበት። ላኪው ባዶ ፍለጋ ከመዞር ይድናል፤ እርስዎም መመለሻውን ብቻዎን አይሸከሙም።