«ማንም አይገባም» ለማለት ፈልጋችሁ እንግሊዝኛው ሲገለበጥባችሁ

ሌላው የሰዋስው ስህተት ብዙ አይጎዳም፤ አንባቢው ገምቶ ይረዳናል። ፈቃድና ክልከላ ላይ ስንሳሳት ግን የከለከልነውን ፈቅደን ቁጭ እንላለን። በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ፣ ለተከራይ የሚጻፍ የቤት ደንብ፣ ለሥራ ባልደረቦች የሚላክ ኢሜይል ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው «ማንም» እና «ሁሉም» ከግሡ ጋር ሲገናኙ ነው።

ችግር፦ «ኤኒዋን ካን ኖት ኢንተር» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ አንባቢው ግራ ገባው

ምክንያቱ አማርኛችን ነው። «ማንም መግባት ይችላል» እንላለን፣ «ማንም መግባት አይችልም» እንላለን። «ማንም» ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚለወጠው ግሡ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይህ አይሠራም። «ኤኒዋን» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ከፊት ከተቀመጠ፣ አሉታው ከኋላው ሊመጣ አይችልም። አሉታው እዚያው ባለቤቱ ላይ ይገባል፣ ግሡ ደግሞ በአዎንታ ይቀራል።

መፍትሄ፦ ስትፈቅዱ «ኤኒዋን ካን ኢንተር» በሉ። ስትከለክሉ «ኖ ዋን ካን ኢንተር»። ጽሑፉ ደንብ ወይም ይፋዊ ማስታወቂያ ከሆነ «ካን» የነበረበት ቦታ «ሜይ» ይግባ፤ ኮስተር ያለ ይሆናል።

ይህን የሚያውቁ ሰዎችም ቢሆኑ አንዳንዴ «ኖ ዋን ካንት ኢንተር» ይላሉ። በአማርኛ ግሡ ላይ አሉታ ካልጨመርን ስለማይጥመን ነው። በመደበኛው እንግሊዝኛ ግን ሁለቱ አሉታዎች ይጣፋሉና ትርጉሙ «መግባት የማይችል የለም» ይሆናል። በሩን ወለል አድርጋችሁ ከፈታችሁት ማለት ነው።

ጥሩ አርአያ ከፈለጋችሁ በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በእንግሊዝኛው አንብቡት። ለቋንቋ ተማሪ ከብዙ ልምምድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መብት ሲሰጥ «ኤቭሪዋን ሃዝ ዘ ራይት» ይላል፤ ስለ መንቀሳቀስ ነፃነት የሚናገረው አንቀጽ 13 እንዲህ ይጀምራል። ሲከለክል ደግሞ «ኖ ዋን ሻል ቢ» ይላል፤ ባርነትን የሚከለክለው አንቀጽ 4 እንዲህ ነው። እዚያ «ኖ ዋን» ካለ በኋላ «ሻል» ላይ «ኖት» አልጨመረም።

«ኤኒዋን» ከአሉታ በኋላ ሲመጣ ግን ችግር የለበትም። «ዊ ካንት ሌት ኤኒዋን ኢን» ትክክል ነው፤ አሉታው ቀድሞ መጥቷል።

ችግር፦ ለመከልከል የጻፋችሁት «አትገደዱም» ተብሎ ተነበበ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ምንም አይወጣለትም። «ማንም እዚህ ማጨስ የለበትም» ለማለት «ኖባዲ ሃዝ ቱ ስሞክ ሂር» ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚረዳው «እዚህ የማጨስ ግዴታ ያለበት ሰው የለም» ብሎ ነው። ደስ ያለው ያጨሳል።

ምክንያቱ «የለበትም» ነው። «መዋሸት የለበትም» ስንል እንከለክላለን። «የመክፈል ግዴታ የለበትም» ስንል ደግሞ ነፃ እናደርጋለን። «ሃዝ ቱ» በአሉታ ሲመጣ የሚሠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

መፍትሄ፦ ለክልከላ «ኖባዲ ካን ስሞክ ሂር» ወይም «ኖባዲ ኢዝ አላውድ ቱ ስሞክ ሂር» በሉ። «ሃዝ ቱ»ን ሰውን ከግዴታ ስታወጡ ተጠቀሙበት። ለምሳሌ ቅዳሜ ሥራ አለ፣ የፈለገ ብቻ ይምጣ ለማለት «ኖባዲ ሃዝ ቱ ካም ኦን ሳተርዴይ» ልክ ነው። ከመላካችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በልባችሁ «ግዴታ የለበትም» ብላችሁ መልሱት። ካላስኬደ «ሃዝ ቱ» ይውጣ።

ችግር፦ «ኤቭሪዋን ካንት ፓርክ ሂር» ብላችሁ፣ ግማሹ መኪናውን አቆመ

«ሁሉም ማቆም አይችልም» በአማርኛም ቢሆን ያወዛግባል። ማንም አያቁም ነው? ወይስ የተፈቀደለት ብቻ ያቁም? እንግሊዝኛው ሁለቱን ይለያል። ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ከተፈቀደ «ኖት ኤቭሪዋን ካን ፓርክ ሂር»። ጨርሶ ከተከለከለ «ኖ ዋን ካን ፓርክ ሂር»።

ችግር፦ «ሳምዋን ሜይ ካም» ብላችሁ ፈቀዳችሁ፣ ሰው ግን ፈቃድ አልመሰለውም

«ሜይ» ፈቃድም ግምትም ነው። እኛ እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ «መምጣት ይችላል» ስንል ፈቃድ ወይም አቅም ነው፣ «ሊመጣ ይችላል» ስንል ግምት ነው። «ሳምዋን ሜይ ካም» የሚሰማው «ሰው ሊመጣ ይችላል» ተብሎ ነው። «የፈለገ ይምጣ» ለማለት «ኤኒዋን ሜይ ካም» በሉ። አንድ ሰው ብቻ ከፈቀዳችሁ ደግሞ «ዋን ፐርሰን ካን ካም» ይበቃል።

ቶሎ የሚስተካከሉ

«ኤቭሪዋን አር አላውድ» አይባልም። ብዙ ሰው ስላሰብን በብዙ ቁጥር እንሄዳለን፣ እንግሊዝኛው ግን እንደ አንድ ይቆጥረዋል፤ «ኤቭሪዋን ኢዝ አላውድ»።

«ሌት» «ቱ» አይፈልግም፣ «አላው» ይፈልጋል። «ሌት ኤቭሪዋን ኢንተር»፣ «አላው ኤቭሪዋን ቱ ኢንተር»። «ካን» እና «ሜይ»ም ከኋላቸው «ቱ» አይወስዱም።

ያለፈ ነገር ስታወሩ «ኩድ» ላይ ተጠንቀቁ። «ያኔ ማንም መግባት ይችል ነበር» ብላችሁ የቆየ ልማድ ስትናገሩ «ኤኒዋን ኩድ ኢንተር» ይሆናል። «ትናንት ሁሉም ቀድሞ እንዲወጣ ተፈቀደ» ስትሉ ግን አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነውና «ኤቭሪዋን ዎዝ አላውድ ቱ ሊቭ ኧርሊ» በሉ። በአሉታ ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ «ኖ ዋን ኩድ ሊቭ ኧርሊ» ለትናንቱም ለድሮውም ይሠራል።