የልብስ ማቀናጃ አፕ አሞካከር፦ ከቁም ሳጥን እስከ ልብስ ሰፊው

የልብስ ማቀናጃ አፕ ሥራው ቀላል ነው። የልብሳችሁን ፎቶ ይቀበላል፣ ባክግራውንዱን ያጠፋል፣ ከዚያ ቀሚሱን ከጫማው፣ ሸሚዙን ከሱሪው ጋር ስክሪን ላይ ማች እያደረጋችሁ ታያላችሁ። ሙከራው የሚበላሸውም እዚያው መጀመሪያው ላይ፣ ፎቶው ላይ ነው። ማታ በአምፖል ብርሃን፣ አልጋ ላይ እንደተጨማደደ የተነሳ ቀሚስ የትኛውም አፕ ውስጥ ቢገባ የጨርቅ ክምር ነው የሚመስለው። ለሙከራው ከመደባችሁት ጊዜ ግማሹን ለፎቶ ስጡት።

ከማውረድ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው ክፍያ ነው፤ ነጻ ሙከራ የሚሉት አፖች ቀኑ ሲያልቅ በራሳቸው ማስከፈል ይጀምራሉ፣ አፑን ከስልክ ማጥፋትም ክፍያውን አያቋርጥም። በአንድሮይድ ከፕሌይ ስቶር፣ በአይፎን ከሴቲንግ ስማችሁን ነክታችሁ ሰብስክሪፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ነው የምታቋርጡት፤ በአይፎን ደግሞ ሙከራው ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሆን አለበት። ሁለተኛው የፎቶ ፈቃድ ነው። ከአይኦኤስ 14 እና ከአንድሮይድ 14 ወዲህ ሙሉ ጋለሪውን ሳትከፍቱ የመረጣችኋቸውን ፎቶዎች ብቻ ማሳየት ይቻላል። ያንን ምረጡ። የልብስ አፕ የመታወቂያችሁን ፎቶ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

ቁም ሳጥኑን በሙሉ አታውጡ። 6 ከላይ የሚለበስ፣ 4 ሱሪ ወይም ጉርድ፣ 3 ጫማ ይበቃል። 13 ዕቃ ብቻ ነው፣ ግን 6 ሲባዛ በ4 ሲባዛ በ3፣ 72 ዓይነት አለባበስ ይወጣዋል። አፑ ይጥቀም አይጥቀም በዚህ ይለያል።

ፎቶውን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መስኮት አጠገብ፣ ግን ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ወለል ላይ አንሱ። ሌንሱን ጥረጉ፣ ፍላሹን አጥፉ፣ የክፍሉንም አምፖል አጥፉ፤ የቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ የልብሱ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ልብሱን ተኩሳችሁ ዘርጉት። ስልኩን ከልብሱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ከ1.5 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ወንበር ላይ ቆማችሁም ቢሆን፣ ልብሱ ሙሉውን የሚገባ ከሆነ በ2 እጥፍ ዙም አንሱ። ቀርባችሁ ካነሳችሁ ለካሜራው የቀረበው ክፍል ስለሚያብጥ ቀጥ ያለው ቀሚስ መሐሉ የሰፋ ይመስላል።

ነጭ ልብስ ለብቻው ምክር ይፈልጋል፣ የሐበሻ ልብስ ያለው ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። ነጭ ቀሚስ ነጭ ግድግዳ ላይ ከተነሳ አፑ ጠርዙን ማግኘት ስለማይችል እጅጌውን ከግድግዳው ጋር አብሮ ያጠፋዋል። ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ አንሶላ አንጥፉ። ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ካሜራው ጨለማ የበዛበትን ሲያይ ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ይቃጠላል፣ የፈትሉ ውበትም ይጠፋል። መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ልብሱን ነክቶ መያዝና የሚመጣውን የብርሃን ምልክት፣ የሸማው ክር ለዓይን እስኪለይ ድረስ ወደ ታች መሳብ ነው። ለጥቁር ልብስ ሁሉም በተቃራኒው ነው።

ነጠላ ስስ ስለሆነ የአንሶላው ሰማያዊ ዘልቆ ይታያል፣ ተቆርጦ ሲወጣም የታመመ ነጭ ይሆናል። አጣጥፋችሁ ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጉና ከሥሩ ከጠርዙ 2 ሳንቲሜትር ገባ ያለ ነጭ ጨርቅ አስገቡ። የነጠላውን ዘርፍ አፑ መብላቱ አይቀርም፤ አጉልታችሁ በመመለሻው ብሩሽ፣ በትንሹ መጠን፣ መልሱት። አፕ የነጠላን አለባበስም አያውቅም። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ የተጣፋውና ለሠርግ ትከሻ ላይ ጣል የተደረገው ለእሱ አንድ ዕቃ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ፣ ሰው ለብሶት አንሱና እንደ ሁለት ልብስ አስገቡ።

ባክግራውንዱ የጠፋለትን ምስል ፒኤንጂ (PNG) በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ (JPEG) ባዶ ቦታን መያዝ ስለማይችል ነጭ ወይም ጥቁር ይሞላበታል። በቴሌግራም ወደ ሌላ ስልክ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን።

አሁን ማቀናጀት። አፖች እያንዳንዱን ዕቃ በእውነተኛ መጠኑ ስለማያስቀምጡ ጫማው የቀሚሱን ግማሽ ያክላል፣ ዓይናችሁም ስለ ቀለሙ የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። በሜትር ለክታችሁ አስተካክሉ፦ ቀሚሱ 140፣ ጫማው 28 ሳንቲሜትር ከሆነ ልዩነቱ 5 እጥፍ ነው፤ ቀሚሱ ስክሪን ላይ 1000 ፒክስል ቢረዝም ጫማው 200 ይሁን። ቀለም ሲመረጥ ብዙ ሰው የጥለቱን ዋና ቀለም ለጫማም ለቦርሳም ይደግመዋል፣ ያኔ ጥለቱ ይሞታል። ከጥለቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ቦታ የያዘውን ቀለም በቀለም መምጠጫው ወስዳችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ስጡ።

አዲስ ቀሚስ መንደፍ ከፈለጋችሁ የማቀናጃ አፕ አይበቃም፤ እንደ አይቢስ ፔይንት ወይም ስኬችቡክ ያለ መሳያ ያስፈልጋል። ሸራውን 2480 በ3508 ፒክስል ክፈቱ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ልክ ኤ4 ይሆናል። ስልኩ ከከበደው ግማሹን ተጠቀሙ። ሌየሮቹ፣ ማለትም አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረቡት የሥዕል ገጾች፣ ከሥር ወደ ላይ፦ የሰውነት መስመር፣ ቀሚሱ፣ ጥለቱ፣ የእጥፋት ጥላ። የጥላውን ሌየር መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ሳይሸፍን የሚያጨልመው ምርጫ) አድርጉት፤ በተራው መንገድ ከቀባችሁት ጥለቱን ይሸፍነዋል። ጥለቱን በእጅ አትሳሉ። ፊት ለፊት አንስታችሁ ሐረጉ ከሚጀምርበት እስከሚደገምበት ቆርጣችሁ እሱን አባዙት።

እዚህ ላይ ጥለትና ጥልፍን ለዩ። ጥለት ሸማኔው ክር እየጨመረ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራው ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ አልማዝ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው መስቀል ያምርበታል፣ ክብ አበባ ግን ጠርዙ ይሰባበራል። ጠማማ መስመር ከሳላችሁ ያ በመርፌ ወይም በማሽን የሚሠራ ጥልፍ ነው፤ ዋጋውም ባለሙያውም ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የጥልፍ ንድፍ ለሸማኔ ብታሳዩ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ለልብስ ሰፊው የምትልኩት ያማረውን ቅንብር ብቻ አይሁን። የፊትና የኋላ ሥዕል፣ ከጎኑ ሜትር ተዘርግቶ የተነሳ የጥለት ፎቶ፣ ከዚያ ልኬት፦ የትከሻ ስፋት፣ የደረት፣ የወገብና የዳሌ ዙሪያ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት። ከአሜሪካ የምታዙ በኢንች የለካችሁትን በ2.54 አባዙና ሳንቲሜትር መሆኑን ጻፉ። ቀለሙን በስክሪን አትመኑ፤ የማታ ብርሃን ማጣሪያው በርቶ ከሆነ ነጩ ራሱ ክሬም ነው። ከተቻለ አንድ ጣት የሚያህል የክር ናሙና በሰው እጅ ላኩ።