በፓይተን ፋይል ከፍቶ ማንበብና መጻፍ፣ ያለ ምንም ኢምፖርት

ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ሲጫን አብረው የሚመጡ፣ ኢምፖርት ሳናደርግ ማለትም ተጨማሪ ነገር ከሌላ ቦታ ሳንጠራ የምንጠቀምባቸው ፈንክሽኖች (የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ትእዛዞች) አሉ። ፕሪንትን የማያውቅ የለም። ኦፕን፣ ሌን፣ ሰም፣ ማክስ፣ ሶርትድ፣ ኢንት እና ስትርም ከዚያው ጎራ ናቸው። ዛሬ በእነዚህ ብቻ ፋይል ከፍተን፣ ውስጡ ያሉትን ቁጥሮች ደምረን፣ ውጤቱን ሌላ ፋይል ላይ እንጽፋለን። የትእዛዞቹን ስም፣ «ቲኤክስቲ»፣ «አር» እና የመሳሰሉትን ጨምሮ፣ እዚህ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ኮዱ ላይ ግን በላቲን፣ በትንንሹ ፊደል ነው የሚገቡት። ለራሳችሁ ተለዋዋጮች (ዋጋ መያዣዎች) የምታወጡት ስም ግን በአማርኛም ቢሆን ፓይተን 3 ይቀበላል።

መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ 45፣ 100 እና 20ን በየመስመሩ ጻፉና «ነጥብ» ብላችሁ ሴቭ አድርጉ። ኮዳችሁ ያለበት ፎልደር ውስጥ ይሁን።

ቀጥሎ ይህን ጻፉ፦

ዊዝ ኦፕን("ነጥብ.ቲኤክስቲ", "አር", ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8") አዝ ሰነድ:
    ቁጥሮች = [ኢንት(መስመር) ፎር መስመር ኢን ሰነድ]

«አር» ለማንበብ ክፈት ማለት ነው፤ ኢንት ደግሞ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይቀይራል። «ፋይል ኖት ፋውንድ ኤረር» (ፋይሉ አልተገኘም) ካላችሁ አትደናገጡ። ፓይተን ፋይሉን የሚፈልገው ፕሮግራሙ ከተነሳበት ፎልደር ነው፤ ኮዱ የተቀመጠበት ላይሆን ይችላል። ተርሚናሉን ወደ ትክክለኛው ፎልደር ወስዳችሁ እንደገና ሞክሩ።

ዊዝ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን ራሱ ይዘጋል፣ መሃል ላይ ስህተት ቢፈጠርም እንኳ። ያለ እሱም ይሠራል፤ እኔ ግን ሁሌም በዊዝ ክፈቱ ነው የምለው።

ኢንኮዲንጉን (ፊደል ፋይሉ ላይ በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስነውን ሰንጠረዥ) ብዙ ሰው ይዘለዋል። በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ላይ ፊደል ቆጣሪውን ሌን ብትጠሩ 3 ይላችኋል፤ ፋይሉ ላይ ግን 9 ባይት ነው። ኢንኮዲንጉን ካልነገራችሁት ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ብዙ ጊዜ አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚያነብ በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ይሄዳል። ያኔ «ሰ» ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይሆናል። «ም» ጋ ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻው ባይት ሰንጠረዡ ውስጥ ጭራሽ ስለሌለ «ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር» ብሎ ቀጥ ይላል።

አሁን ቁጥሮቹ ላይ ፈንክሽኖቹን ጥሩ። ሰም 165 ይሰጣል፣ ማክስ 100። ሶርትድ 20፣ 45፣ 100 ብሎ ይደረድራል። ኢንትን ብትተዉት ግን ሶርትድ 100፣ 20፣ 45 ይላችኋል! ከፋይል የሚነበበው ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ የሚደረደረው ከመጀመሪያው ምልክት ተነስቶ ነው። ሰምማ ጽሑፍ ከሰጣችሁት አልደምርም ብሎ ስህተት ያወጣል። ፋይሉ መሃል ባዶ መስመር ካለ ኢንት ይቆማል፤ የግዕዝ ቁጥርም አይገባውም፣ «፩» ብትሰጡት «ቫልዩ ኤረር» ነው መልሱ።

ውጤቱን ለመጻፍ፦

ዊዝ ኦፕን("ውጤት.ቲኤክስቲ", "ደብሊው", ኢንኮዲንግ="ዩቲኤፍ-8") አዝ ሰነድ:
    ሰነድ.ራይት(ስትር(ሰም(ቁጥሮች)))

ራይት የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን በስትር ቀየርነው።

ፋይሉን ለመጻፍ በሚከፍተው «ደብሊው» ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ስም ፋይል ካለ ገና ሲከፈት፣ አንዲት ፊደል ሳትጽፉ፣ የነበረውን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ የለም። በነበረው ላይ መጨመር ከፈለጋችሁ «ኤ» ተጠቀሙ። አዲስ ፋይል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት «ኤክስ» ይሻላል፤ ፋይሉ ካለ አልከፍትም ይላል።

ጀማሪ የሚያዘወትራት ሌላም ነገር አለች፤ ድምሩን የሚይዘውን ተለዋዋጭ ራሱን «ሰም» ብሎ መሰየም። ፓይተን ምንም አይልም። ከዚያ በታች ሰምን ስትጠሩት ግን ፈንክሽኑ ተሸፍኗል፣ ስሙ የያዘው ቁጥር ነው፤ «ኢንት ኦብጀክት ኢዝ ኖት ኮለብል» ይላችኋል። ተለዋዋጩን «ድምር» በሉትና ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነሱት፣ ይስተካከላል።