ስለ ደርግ ዘመን ልጅነት አኒሜሽን ስትሠሩ እነዚህን አትድገሙ

የደርግ ዘመን ልጅነትን የሚተርክ አጭር አኒሜሽን ዶክመንተሪ ጎንደር ላይ እየሠራሁ ነው። ሁለት ዓመት አለፈኝ። ግማሹን ጊዜ የበላው የራሴን ስህተት ማረም ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላችሁ ካላችሁ ቢያንስ እነዚህን ዝለሏቸው።

ቀድሞ መሳል። ትልቁ ኪሳራዬ ይሄ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል ይፈልጋል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታውሉት እንኳ ለ10 ደቂቃ 7,200 ሥዕል ነው። ሦስት ወር ስስል ከረምኩ። ድምፁን ስቀዳ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ቁጭ! መጀመሪያ ባለታሪኩን ቅዱ። ድምፁን ቆርጣችሁ አሰካኩ። ከዚያ በእርሳስ ንድፍ ከድምፁ ጋር አያይዛችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ቀለም የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው።

ልጁን ካድሬ ማድረግ። በመጀመሪያው ስክሪፕቴ የሰባት ዓመት ልጅ «መንግሥት በ1967 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ» ይል ነበር። እንዲህ የሚል ልጅ የት አለ? ልጅ የሚያየው በየወሩ ኪራይ ሊቀበሉ የሚመጡትና ከረሜላ የሚሰጡት ሽማግሌ መቅረታቸውን ነው። ሰዓት እላፊ ለእሱ አዋጅ አይደለም፤ አባት ሳይገባ ሲመሽ የእናት ዝምታ ነው። ስኳር ማለት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው። በቀይ ሽብር ጎንደር ክፉኛ ተመታች። የአስተዳዳሪዋን የመላኩ ተፈራን ስም ግን ልጆች ከሬዲዮ ይልቅ በልቅሶ ቤት ከእናቶች ሙሾ ነው የሚያስታውሱት። እኔም ሰውየውን መሳል ትቼ የሴቶቹን እጅና ነጠላ ሳልኩ። ካሜራውን ከልጅ ቁመት በላይ አታውጡት።

ፋሲልን በየፍሬሙ መደንቀር። ለቱሪስት ፖስተር ያምራል። የአዘዞ ወይም የአራዳ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ግንብ ሲያይ አይውልም። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጭቃ፣ የፒያሳን የጣሊያን ፎቅ ነው የሚያየው።

ሁሉን ግራጫና ቀይ መቀባት፦ ተዉት። ቡሄም ነበር፣ ጥምቀትም ነበር። ፍርሃቱ የሚጎላው ሆያ ሆዬው መሀል ሲገባ ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። እኔ ከፈረንጅ ጽሑፍ «1977» ብዬ ገልብጬ ቀይ ሽብሩ ላይ ለጠፍኩት። ለኛ ሰው ሰባ ሰባት የድርቁ ዓመት ነው። ቀይ ሽብሩ በእኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ነው። ፊልሙን ያየ አንድ ጎረቤቴ እስኪበቃው ሳቀብኝ።

የመጨረሻው፦ አኒሜሽን ፊት ስለሚደብቅ ሰው ተደበቀ ብሎ ማመን። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የያኔው አብዮት ጠባቂና የሟች እህት ዛሬም በአንድ መንገድ ያልፋሉ። ድምፅ ያጋልጣል፤ ልብስም ያጋልጣል። ፊልሙን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ለባለታሪኩ አሳዩ። አንዲት እናት ስለ ወንድማቸው አጫውተውኝ ነበር። ሹራቡን እንደነገሩኝ ቢጫ አድርጌ ሳልኩት። ዝም ብለው አዩት፤ ደግመውም አዩት።

«ልጄ፣ ሹራቡን ሌላ ቀለም አድርገው» አሉኝ። «ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። 96 ሥዕል ነበር።