ትንንሾቹን ጫጩቶች ከትልልቆቹ ጋር ማላመድ

በአራት ኪሎና ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር በነበራት በፒያሳ ጠባብ ግቢዎች ዶሮ የሚያረባ ሰው ጫጩቶቹን ሁሉ በአንድ ቀን አያገኝም። መጀመሪያ አሥር ያህል ይገዛል፣ ጥቂቶቹ ይሞቱበታል፣ ከሳምንታት በኋላም የጎደለውን ለመሙላት ሌሎች ያመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በተፈለፈለችበት ቀን 40 ግራም ያህል የምትመዝን ጫጩት በሦስተኛ ሳምንቷ ከአራት እጥፍ በላይ ስለምትከብድ፣ ሁለቱን በአንድ ሳጥን ማዋል ሕፃንን ከጎረምሳ ጋር እንደ ማታገል ነው። የዕድሜያቸው ልዩነት ከአንድ ሳምንት የማይበልጥና ሁሉም ጤነኞች ከሆኑ ቀን ቀን እየተከታተሉ ቶሎ ማቀላቀል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ስለ አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሳ። ጫጩቶች የያዘች እናት ዶሮ ባዕድ ጫጩት በሌሊት ክንፏ ሥር ቢገባላት ብዙ ጊዜ ሲነጋ እንደ ራሷ ስለምትቀበለው፣ ይህንኑ ዘዴ እናት ለሌላቸው ጫጩቶችም የምንሞክር አለን። እኔም አምስት የአሥር ቀን ጫጩቶችን የአምስት ሳምንት ከሆናቸው መካከል መብራት አጥፍቼ አስገባሁ። ሌሊቱን በሰላም አደሩ፤ ነገር ግን ጎህ ሲቀድ፣ እኔ ገና ከመኝታዬ ሳልነሳ፣ ትልልቆቹ እንግዶቹን አይተዋቸው ኖሮ፣ በሩን ስከፍት አንዷን ከጅራቷ በላይ ላባዋ ተነቅሎ፣ ቆዳዋ ደም ለብሶ፣ ጥግ ላይ ተሸጉጣ አገኘኋት። እናት በሌለችበት ጨለማው ጠቡን ማንም ወደማያይበት ሰዓት ከማሻገር በቀር የሚፈይደው የለም።

ልዩነቱ ከአንድ ሳምንት ከበለጠ፣ አዲሶቹ እንደ መጡ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሌላ ክፍል ይቆዩ። የኮክሲዲያ ተውሳክ በትልልቆቹ ኩስ ውስጥ እያለ እነርሱን ሳያሳምማቸው ትንንሾቹን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አስይዞ ሊገድል ይችላል፤ ዶሮን ሽባ የሚያደርገው የማሬክስ በሽታ ክትባትም በተፈለፈሉበት ቀን ቢሰጥ እንኳ ጥበቃው ወዲያው አይደርስም። ስለዚህ መመገብና ማጽዳት ሁልጊዜ ከትንንሾቹ ይጀመር፣ ወደ ትልልቆቹም በኋላ ይታለፍ፤ ሻጩም የማሬክስ፣ የጋምቦሮና የፈንግል በሽታዎች ክትባት መቼ እንደተሰጣቸው ይጠየቅ። ለነገሩ ነባሮቹ ሁለት ወር ገደማ ከሆናቸው፣ ገበያ ላይ የሚሸጡትን የ45 ቀን ጫጩቶች መግዛት ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ቤት ይግቡ፣ ነገር ግን በመካከላቸው ሽቦ ይኑር። የሽቦው ቀዳዳ ጭንቅላት የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ አንዲት ጫጩት አንገቷን ወደ ማዶ ካስገባች ግርዶሹ መከላከያነቱ ይቀርና ወጥመድ ይሆናል። ማሞቂያው ከትንንሾቹ ወገን፣ ከሽቦው ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ የመጀመሪያ ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስትፈልግና ይህም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ሲቀነስ፣ ላባቸውን የጨረሱት የስድስት ሳምንቶቹ በዚያ ሙቀት ያለከልካሉ። መመገቢያዎቹን በሽቦው ግራና ቀኝ ትይዩ ማስቀመጥ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጥ ዘዴ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ትልልቆቹ መብላታቸውን ትተው ሽቦውን ይነቁራሉ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ሁለቱም ወገን ጎን ለጎን አቀርቅረው ሲለቅሙ ይታያሉ። ይህ ካልታየ ሽቦው አይነሣ። ትንንሾቹም ከትልልቆቹ ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህል እስኪደርሱ መጠበቅ ይመረጣል።

ሽቦው የሚነሣው ቤት በሚዋልበት ቀን ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የወለሉ ሳጋቱራ ይቀየር፣ የመመገቢያውና የመጠጫው ቦታ ይለወጥ፤ ቤቱ ለሁሉም አዲስ ሲሆን ነባሮቹ ባለቤትነታቸውን ለጊዜው ይዘነጋሉ። አንዲትን ጫጩት ብቻዋን ማስገባት በፍጹም አይገባም። ትንንሾቹን ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ካርቶን በአንድ ጥግ መትከልና ውስጧ ጥቂት መኖ ማኖርም ይጠቅማል፤ ትልልቆቹ ጭንቅላታቸውን ብቻ አስገብተው ሲመለሱ ማየት ያስቃል።

አንድ ሁለት ጊዜ መንቆር አያስደነግጥም። ኖርዌያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ እ.ኤ.አ. በ1921 እንደ ገለጸው፣ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር ደረጃ አውጥተው ይኖራሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ደረጃው እንደ አዲስ ይወሰናል። የሚያሰጋው አንዷ ስታሳድድ የተባረረችው ማምለጫ ስታጣ፣ ወይም ደም ሲታይ ነው። ቀይ ነገር የሁሉንም ምንቃር ስለሚስብ የቆሰለችው ወዲያው ወጥታ ቁስሏ ጄንሺያን ቫዮሌት በሚባለው ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ይቀባ። ሁልጊዜ የምትነቁረው አንዲት ከሆነች ግን ተጎጂዎቹን ከማውጣት ይልቅ እርሷን ለሁለት ቀን ማግለል ይሻላል፤ ስትመለስ እንግዳዋ ራሷ ትሆናለች።

መኖን በተመለከተ ሁሉም የጫጩት መኖ ይብሉ፤ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ የትንንሾቹን ኩላሊት ይጎዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከቀኑ ይልቅ ይከብዳሉ። የአዲስ አበባ ሌሊት በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ስለሚወርድ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ጫጩቶች ጥግ ላይ ተደራርበው የታችኞቹ ይታፈናሉ፤ ስለዚህ የቤቱ ማዕዘኖች በካርቶን ክብ ይደረጉ። በከሰል የሚያሞቅ ሰው አየር ማስወጫ ሳይተው በር መዝጋት የለበትም፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ትንንሾቹ ካርቶናቸውን ትተው ከትልልቆቹ ጎን ተኝተው ሲያድሩ ካርቶኑን ማንሣት ይቻላል።