የተጋጨ መኪና ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? እንዴት እንደሚወሰን

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስትፈልጉ ከደላላ አፍ «ምንም ያልነካት ናት» የሚለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ ግን «ኋላዋን ተመትታ ተሰርታለች» የሚል ሻጭ ይሻለኛል። ቢያንስ የት ማየት እንዳለብኝ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ እንደ ልብ አይተካም። የተመታውም ተጠግኖ ይሸጣል።

የተጋጨ ሁሉ አይጣልም። ዋናው ጥያቄ ምኑ ተመታ የሚለው ነው። ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያው)፣ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የጎን ላሜራ)፣ በርና ኮፈን ተፈትተው ይቀየራሉ። ሻንሲው (ሁሉን የሚሸከመው የስር ብረት) እና በሮቹን የሚሸከሙት ምሰሶዎች ግን የመኪናው አጥንት ናቸው። የፊትና የኋላው ክፍል ሲጋጭ ተጨማዶ የግጭቱን ኃይል እንዲውጥ ታስቦ ነው የሚሰራው። አንዴ ተጨማዶ በእሳት የተቃና ብረት በሁለተኛው ግጭት እንደ መጀመሪያው አያድንም።

1. ከቤት ሳትወጡ ጠይቁ

መቼ ተጋጨች? ምኗን? ኤርባግ ወጥቶ ነበር? ከመሰራቷ በፊት የተነሳ ፎቶ አለ? በኢንሹራንስ ተሰርታ ከሆነ የጉዳት ግምቱን ወረቀት ጠይቁ። ኢንሹራንሶች ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን መኪኖች በጋዜጣ ጨረታ አውጥተው ይሸጣሉ። ከዚያ ከመጣች ሻጩ ወረቀቱን ያሳያችሁ። መልሱ በየስልኩ ከተለያየ መሄዱም አያስፈልግም።

2. በቀን ብርሃን፣ ታጥባ ደርቃ እዩ

ከፊት መብራቱ አጠገብ ጎንበስ ብላችሁ ጎኗን እስከ ኋላ አሻግራችሁ ተመልከቱ። ላሜራው ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ከተወላገደ ከስሩ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ሊኖር ይችላል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉት። ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይዝም። ፓራውልት አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ ላይ አትሞክሩት።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱ። ፓራፋንጎውን የያዙትን ብሎኖች አናት ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች የፋብሪካው ቀለም ብሎኑንም አብሮ ይሸፍነዋል። ጠርዙ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቁልፍ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ፓራፋንጎ መቀየር ቀላል ነው። ከሱ ወረድ ብላችሁ በሞተሩ ግራና ቀኝ የሚሄዱትን ወፋፍራም ብረቶች እዩ። የፋብሪካ ብየዳ እኩል የተራራቀ ክብ ክብ ነጥብ ነው። ወጣ ገባ ያለ መስመር ካያችሁ፣ ወይም ብረቱ ተሸብሽቦ የተቃና ከመሰለ፣ የተነካው አጥንቱ ነው። የኋላውንም ኮፈን ከፍታችሁ ምንጣፉንና መጠባበቂያ ጎማውን አንሱና ወለሉን እንዲሁ መርምሩ።

3. ኤርባጉ ላይ አትደራደሩ

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ። የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ችግሩን ለመደበቅ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኮምፒውተር አስመርምሩ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡትና ስሩ ላይ የተጻፈውን የምርት ዓመት ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ቀበቶው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ልጆች የሚሳፈሩባት መኪና ኤርባግ ከሌላት፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለእኔ ድርድሩ እዚያው ያልቃል።

4. ንዷት

እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ውረዱ። ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች? ኮብልስቶን ላይ ስትገባስ ከስር ይንኳኳል? ቀጥሎ ሌላ ሰው ይንዳት፤ እናንተ ከኋላ በሌላ መኪና ተከተሏት። የኋላ ጎማዎቿ የፊቶቹን ሳይከተሉ ሰያፍ የምትሄድ ከሆነ ሻንሲዋ ወይም የጎማ ተሸካሚዋ ተጣሟል።

5. የራሳችሁን መካኒክ ውሰዱ

ሻጩ በመረጠው ጋራዥ አይሆንም። ከስር አስነስታችሁ አሳዩ፣ አላይመንትም (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አስለኩ። ተስተካክሎ ተስተካክሎ ልኬቱ አልገባ ካለ አንድ የታጠፈ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ከወለሉ ስር ያለውን የባትሪ ሽፋን በደንብ አሳዩ። እዚያ የተመታች ከሆነ ዋናው ንብረቷ ተነክቷል።

6. ሒሳቡን ሥሩ

ከመደራደራችሁ በፊት መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የሚቀየሩትን እቃዎች ዋጋ ጠይቁ። የባትላሜራ (የላሜራ ማቃናት) እና የቀለም እጅ ዋጋ ጨምሩበት። ይህን ሁሉ በተመሳሳይ ዓመት ካልተጋጨች መኪና ዋጋ ላይ ቀንሱ። ከዚያም በላይ ቀንሱ፤ ነገ ስትሸጧት የእናንተም ገዢ ያንኑ ብሎን ያያል።

7. ወረቀቱ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም ፍቅፋቂ ካለ ተዉት። እዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። እያወቁ ለገዙት ጉድለት ግን ክርክር አያዋጣም። ስለዚህ ሻጩ የነገራችሁ ጉዳት በሙሉ ተዘርዝሮ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከዚያ ውጭ ሌላ የግጭት ጉዳት እንደሌለባትም አብሮ ይጻፍ። ሻጩ ይህን አልፈርምም ካለ ቀብድ አትስጡ።