ካኒስተር ካስነቀሉ በኋላ የሚመጣ ጣጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ላይ ሞተር ያስቀየረ ሰው መኪናውን ሲረከብ ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ ይጎድላል። ኮፈኑ ውስጥ ጥግ ላይ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ከኋላ ታንኩ አጠገብ የነበረው ጥቁር ጣሳ። ውስጡ ከሰል ነው፤ ካኒስተር ይሉታል። መካኒኩ "ትርፍ ነገር ነው፣ ጉልበት ይበላል" ብሎ ያወጣዋል። አንዱን ቱቦ በቡሎን ይደፍናል፣ ሌላውን ክፍቱን ይተወዋል።

ጉልበት አይበላም። ከታንኩ የሚወጣውን የቤንዚን ትነት ከሰሉ ይዞ ያቆየዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ፐርጅ ቫልቭ ይከፈትና ትነቱ ወደ ሞተር ተስቦ ይቃጠላል። በገንዘብህ የገዛኸው ቤንዚን ነው ተመልሶ የሚነደው። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ የቀሩት ግዛቶች ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ያስገደዱት የከተማ አየር ስለተበላሸባቸው ነው። መኪናህ ናፍጣ ከሆነ ይሄ ሁሉ አይመለከትህም።

አሁን ወደ ምልክቶቹ።

ሞተሩ መንገድ ላይ ይደክማል፣ ከዚያ ይጠፋል። የታንኩን ክዳን ስትከፍት "ፉሽ" ይልና እንደገና ይነሳል

ሰው የነዳጅ ፓምፕ የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብህን ያዝ። ፓምፑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ታንኩ ግን መተንፈሻ የለውም። ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ የሚገባበት መንገድ በካኒስተሩ በኩል ነበር፣ እሱ በቡሎን ተደፍኗል።

በእኛ አገር መንገድ ይሄ ይብሳል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850። ደሴ ላይ ክዳኑን ዘግተህ ቁልቁል ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት 6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይጨምራል። በግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የታንክ ገጽ ላይ 150 ኪሎ ገደማ እንደ መጫን ነው። ታንኩ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ፓምፑም እየታገለ ይስባል። ጥሩ ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ግን ክዳኑ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ ወይ ቤንዚን እንዳይፈስ ተብሎ ፌስታል ከተጠቀለለበት እሱም አያድንህም።

መፍትሄው ቡሎኑን ማውጣትና ካኒስተር መመለስ ነው። ቱቦውን ከፍቶ ብቻ መተው መፍትሄ አይደለም፣ ወደሚቀጥለው ችግር ይወስድሃል።

ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ገደማ ሲደርስ እሳት ይይዛል። እኛ ደግሞ መኪናውን ግቢ ውስጥ እናቆማለን፣ ከጎኑ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ታንኩን ሞልተህ ደሴ ስትወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ትነቱ ገፍቶ ይወጣል፤ ግቢ የምትገባው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ትነቱ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ፣ በእንግሊዝኛ benzene የሚባል ኬሚካል አለ፤ ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እሱን ይስባሉ።

ሽታ ካለ ካኒስተሩ እስኪመለስ መኪናውን ውጭ አቁመው፣ ከምድጃና ከከሰል አርቀው። ከዚያ ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ እስከ ጫፉ ተከተለው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ቀይረው። የምትገዛው ቱቦ የነዳጅ ይሁን፤ የውሃ ጎማ በቤንዚን ይላላና ይፈርሳል።

ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋልላል

ሞተሩ ላይ የቀረው የፐርጅ ቀዳዳ ክፍት ነው። ኮምፒውተሩ ያልቆጠረው አየር ይገባል። በጣትህ ድፈነው፤ ሞተሩ ከተረጋጋ ችግሩ እሱ ነው። እስኪስተካከል በጎማ ቆብና በብረት ማሰሪያ ዝጋው። ለጥቂት ቀን።

ቤንዚን ከሞላህ በኋላ አስነስ ቢሉት አልነሳ ይላል፣ ሲነሳም ጥቁር ጭስ

ይሄ ካኒስተሩ ያለ መኪና ላይ ነው የሚታየው፣ "አውጣው" የሚባለውም በዚህ ሰበብ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፐርጅ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ፈትተህ ከመኪናው ራቅ አድርገው፣ በጎማ መንፊያ ንፋበት፤ በአፍህ አይሁን። አብዛኞቹ ቫልቮች ኤሌክትሪክ ሳይነካቸው ዝግ መሆን አለባቸው። አየር ካሳለፈ ሞቷል፣ ቫልቩን ብቻ ቀይር።

ሁለተኛው ከሰሉ በፈሳሽ ቤንዚን ርሷል። ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት ቆመን ተራችን ሲደርስ "አናወጠህ ሙላልኝ" እንላለን፣ ቀጂው አፈሙዙ ቀጭ ካለ በኋላም ይጨምራል። የተረፈው በትነቱ ቱቦ ወደ ካኒስተሩ ይገባል። ቀጭ ሲል ይበቃል። የራሰውን ፈትተህ ስታነሳው ከባድ ከሆነና ውስጡ ከተንቦጫቦጨ መቀየር ነው፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያድነውም።

አፈሙዙ ገና ሳይሞላ በየሰከንዱ ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ መተንፈሻው በአቧራ ተዘግቷል። ፒስታ ላይ የሚውል መኪና ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ፈትቶ ማጽዳት ነው።

የሞተር መብራት በርቷል

ስካነሩ (ከመኪናው ኮምፒውተር የችግር ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ፒ0443 ካለ የፐርጅ ቫልቩ ሽቦ ነው፣ ምናልባትም ቫልቩ ራሱ የለም። ፒ0455 ትልቅ ፍሳሽ፣ ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 በጣም ትንሽ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ። ሁልጊዜ ከክዳኑ ጀምር፤ የላስቲኩ ቀለበት ከተሰነጠቀ ክዳኑን ብቻ ቀይር። መብራቱን በሽቦ ማታለል ግን ቀዳዳውን አይደፍንም፣ ነገ ሌላ ችግር ሲመጣም የሚነግርህ መብራት አይኖርም።

ሲመልሱት

ዲኤክስ (የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ላይ የኢንጀክሽን ሞተር ያስገባ ሰው የሞተሩን ካኒስተር አብሮ ይጠይቅ። ቀርቶ ከሆነ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት ጋ፣ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ቀዳዳዎቹ ሦስት ናቸው፦ ለታንክ፣ ለፐርጅ፣ ለአየር። የታንኩና የፐርጁ እንዳይቀያየሩ። ከማርሚታ አርቀህ ከፍ አድርገህ እሰረው፣ የአየሩን ጫፍ ጎማ አቧራ ከሚረጭበት አርቀው። ሞተሩ ቱርቦ ከሆነ በፐርጁ ቱቦ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ፣ አለበለዚያ ቱርቦው ወደ ካኒስተሩ ይነፋል።

ከጨረስክ በኋላ ኮዱን አጥፋ። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሸው ብዙ ጊዜ ታንኩ በሩብና በሦስት ሩብ መካከል ሲሆንና ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት አስነስተህ ኮምቦልቻ ድረስ ውረድ፣ ተመለስ፣ ከዚያ ስካነሩን እንደገና ሰካ።